ልብ ወለድ መጻፍን ነገ ዛሬ ስለ ማለት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች፣ ማታ ከሥራ ሲገቡ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚያስቡ፣ ግን ሳይጽፉ የሚያድሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለምን እንዳልጻፉ ሲጠየቁም የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛው መልስ ግን ከእውነታው ጋር አይገጥምም። እኔ በዋናነት የምቃወመው፣ የሚያግደን ነገር ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው የሚለውን እምነት ነው።

«ነገ ዛሬ የሚል ሰው ሰነፍ ነው»

ሰነፍ ሰው ሥራውን ቢተወው ቅር አይለውም፤ ልብ ወለዱን የሚያዘገይ ሰው ግን ሳይጽፍ ያለፈበትን ቅዳሜ ሲያስብ እሑድም ሰላም አያገኝም። ደግሞም ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ደብተሩን ገልጦ ሲያበቃ የውኃ በርሜሉ መታጠብ እንዳለበት ትዝ ይለዋል፤ በርሜሉ ሲያልቅ መጋረጃው ይከተላል። የሸሸው ድካምን አይደለም። ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ሥራን ማዘግየት ከጊዜ አጠቃቀም ጉድለት ይልቅ ከስሜት አያያዝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰው ሥራው የሚቀሰቅስበትን ጭንቀት ለጊዜው ለማስታገስ ሥራውን ይገፋዋል፣ ዕዳውንም ለነገው ማንነቱ ያስተላልፋል። ልብ ወለድ ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ በሐሳብ ያለው ታሪክ ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ከሚወርደው ያማረ ስለሆነ፣ ደብተሩን በገለጡ ቁጥር ልዩነቱን ማየት ያማል።

ራስን መውቀስም መድኃኒት አይሆንም። በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ዝግጅታቸውን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ተማሪዎች ለሚቀጥለው ፈተና ብዙም እንዳላዘገዩ አሳይቷል።

«ሙዱ ካልመጣ አይጻፍም»

የጥበብ ዛር ደራሲውን እስኪጎበኘው መጠበቅ አለበት የሚለው አስተሳሰብ በእኛ አገር ሥር የሰደደ ነው፤ ትንሽ ክብር ስለሚሰጠንም ይመስለኛል በቀላሉ የማንለቀው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቦይስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ከፋፍሎ ገሚሶቹ ደስ ሲላቸው ብቻ እንዲጽፉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ፈለጉም አልፈለጉም በተወሰነው ቀን ሁሉ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። የኋለኞቹ ብዙ ገጽ መጻፋቸው አያስደንቅም፤ የሚገርመው አዳዲስ ሐሳብም ይበልጥ የመጣላቸው እነርሱ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሐሳብ መጻፍን ብቻ ሳይሆን፣ መጻፍም ሐሳብን ያመጣል።

«የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይስተካከል ወደ ሁለተኛው አይታለፍም»

ከሁሉም በላይ ብዙ ረቂቅ የሚገድለው ይህ ነው፤ ትጋት ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። አንዲት ጎረቤቴ፣ በሥራዋ የሒሳብ ባለሙያ፣ የልብ ወለዷን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አሳይታኝ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማታ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዝናቡ» የሚለው ተሰርዞ «ካፊያው» ተብሏል፤ እርሱም ተሰርዞ «ዶፉ»፤ በሚቀጥለው ገጽ አንቀጹ እንደገና በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ተገልብጦ ዝናቡ ተመልሷል። ደብተሩ እስከ መሃሉ ድረስ የዚያችው ምሽት ነበር፤ ሴትየዋ ገና ደረጃ አልወጣችም።

ችግሩ የቃል ምርጫዋ አልነበረም፤ አንዱም ቃል መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ሴትየዋ ቤቷ ስትገባ ማን እንደሚጠብቃት ደራሲዋ ገና ስላልወሰነች፣ ዝናቡ ዶፍ ይሁን ካፊያ የሚወስንላት ነገር አልነበራትም። የመጀመሪያ ምዕራፍ ምን መሸከም እንዳለበት የሚታወቀው የመጨረሻው ከተጻፈ በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ተቀይሮ ወይም ተጥሎ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ማሳመር የሚጣለውን ማሳመር ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ያልተወሰነውን በቅንፍ እያለፉ መሄድ ነው፦ «(የዝናቡ ሁኔታ በኋላ)» ብሎ ሴትየዋን በር ላይ ማድረስ ይበቃል።

«መጀመሪያ ጥናቴን ልጨርስ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ከመቆሙ በፊት በቦታው ጤፍ ያርስ ስለነበረ ገበሬ የሚጽፍ ሰው ስለ ካሳ አከፋፈል መጠየቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን መረጃው ያለቀ የሚመስልበት ቀን አይመጣም፣ ምን እንደጎደለ የሚነግረውም ትዕይንቱን ሲጽፍ የሚያጋጥመው ክፍተት ነው።

«ሥራ ያለው፣ ከከተማ ርቆም የሚኖር ሰው ጊዜ የለውም»

ርቀቱ እውነት ነው፤ ከየካ አባዶ መገናኛ ደርሶ የሚመለስ ሰው የትራንስፖርት ወረፋና መንገድ ምን ያህል እንደሚወስድበት ያውቃል። ይሁን እንጂ ሀዲስ ዓለማየሁ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ሲያገለግሉ ኖረው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር፤ በዓሉ ግርማም ልብ ወለዶቹን የጻፈው በጋዜጠኝነትና በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራ ላይ ሳለ ነው። አውቶቡስ ላይ ቆሞ መጻፍ አይቻል ይሆናል፤ ማታ የሚጻፈውን ትዕይንት መምረጥ ግን ይቻላል፤ ምን እንደሚጽፍ አውቆ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ትንሽ አይደለም። ጸጥታ ስለሚጠብቁት ብዙ አልልም፤ በከተማው ዳርቻ ግንባታው ስለማያቆም ከጠበቁት ብዙ ይጠብቃሉ።

«ቀነ ገደብ ሲያስጨንቀኝ ነው የምጽፈው»

ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ነው፤ ከአሳታሚ ጋር በገባው ከባድ ውል ምክንያት «ቁማርተኛው»ን በጥቅምት 1866 እ.ኤ.አ. በ26 ቀናት ጨርሷል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይዘለልበታል። የልብ ወለዱን ሐሳብ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1863፣ በደብዳቤ ዘርዝሮት ነበር፤ ደግሞም እርሱ በቃል ሲናገር ፈጥና የምትጽፍለት አና ስኒትኪና በየቀኑ ትመጣ ስለነበር፣ የመቀመጫ ሰዓቱ የተወሰነ ነበር። ሊቀዳ የሚገባው ይህ የየቀኑ ቀጠሮ እንጂ ጭንቀቱ አይደለም።

«ለሰው ሁሉ ከተናገርኩ መጨረሴ አይቀርም»

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ተቃራኒውን ይጠቁማል፤ መሆን ስለሚፈልጉት ሰው ያላቸውን ዕቅድ ሌላ ሰው ያወቀላቸው ተሳታፊዎች ለዕቅዱ የሠሩት ማንም ካላወቀላቸው ያነሰ ነበር። «ደራሲ ልሆን ነው» ብሎ አድናቆት የተቀበለ ሰው ከመጻፉ በፊት ክፍያውን እንደወሰደ ይቆጠራል። ለአንድ ጓደኛ «ቅዳሜ ሁለት ገጽ አመጣልሃለሁ» ማለት ግን ከዚህ ይለያል፤ ጓደኛው ቅዳሜ የሚጠይቀው ገጹን ነውና። ጓደኛው ሲያነብም ስለ አጻጻፉ አስተያየት ከመስጠት ይልቅ፣ ሴትየዋ በሩን ከከፈተች በኋላ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ ለሚቀጥለው ሳምንት ገጽ ይበልጥ ይረዳል።