አይናፋር ሆኖ ስራ መቀየር፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ሰባት አመት አካውንታንት ነበርኩ፣ ፒችትሪ የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ቫውቸር ስመታ፣ ወር መጨረሻ ላይ ክሎዚንግ ምናምን ስል ውዬ የማመሽ። አሁን ሰርግ ነው ፎቶ የማነሳው። ስራ ልቀይር ስል ያልመከረኝ ሰው የለም፣ ግማሹ ምክር ስህተት ነበር፣ እኔም ራሴ ብዙውን አምኜው ነው የኖርኩት።

"አይናፋር ሰው ፎቶ አንሺ አይሆንም"

ይሄኛው ሶስት አመት አስቀምጦኛል። መጀመሪያ ነገር ሁለት የተለያየ ጠባይ አንድ ላይ እየጠራን ነው። ብቻውን መሆን የሚወድ ሰው አለ፣ ሰው ሲበዛበት ይደክመዋል እንጂ አይፈራም። አይናፋር ደግሞ ሰው መሀል መግባት ይፈልጋል ግን ምን ይሉኛል ብሎ ይሸማቀቃል። እኔ ሁለተኛው ነኝ። እና አይናፋር ልጅ እኮ ጥግ ይዞ ሰው ሲያይ ነው የሚያድገው፣ ማን ሊያለቅስ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንዳኮረፈ ከማንም በፊት ያውቃል፣ ካሜራ ስይዝ ያ ነገር ጠቀመኝ።

የከበደኝ ማየቱ ሳይሆን ማዘዙ ነው። የመጀመሪያ ሰርጌ የዘመድ ነበር፣ ልክ ኬክ ሲቆረስ የሙሽራዋ አክስት ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። "እትዬ ትንሽ ወደዚህ ጠጋ ይበሉልኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፣ አፌ አልከፈት አለ። አስራ ሁለት ፎቶ አነሳሁ፣ አስራ ሁለቱም ላይ ያለው የነጠላው ጥለት ነው። ጥለቱ ያምራል፣ እሱን አልክድም።

"መጀመሪያ ድፈር፣ ከዛ ትጀምራለህ"

የተገላቢጦሽ ነው። የፍርሃት ህክምና የሚሰሩ ባለሙያዎች የሚያደርጉት የሚያስፈራህን ነገር ከትንሹ ጀምረህ ደጋግመህ እንድትሰራውና ፍርሃቱ በራሱ እስኪበርድ እዛው እንድትቆይ ነው። ከሸሸህ ወዲያው ቅልል ይልሃል፣ ለዛ ነው መሸሽ የሚለመደው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ፍርሃቱ ብሶ ይጠብቅሃል። እኔ ፒያሳ እየሄድኩ በቀን አንድ የማላውቀው ሰው "ፎቶ ላንሳህ?" ማለት ጀመርኩ፣ በቃ አንድ። የመጀመሪያው ሊስትሮ "ብር አለው?" አለኝ፣ ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። ሶስተኛው ሳምንት ላይ ግን ከመጠየቄ በፊት የነበረው የሆድ ቁርጠት የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልብህ ሲመታ "ተረጋጋ" የሚሉህን አትስማ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሀርቫርድ ጥናት ላይ ሰው ፊት እንዲዘፍኑ ከተደረጉት ውስጥ ከመዝፈናቸው በፊት "ጓጉቻለሁ" ያሉት የተሻለ ዘፍነዋል። ስትፈራም ስትጓጓም ልብህ ያው ይመታል፣ ስሙን መቀየር ልቡን ከማቆም ይቀላል።

"ሁሉም ሰው አንተን ነው የሚያየው"

አያይህም። በ2000 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ተመራማሪዎች ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሰው ያለበት ክፍል አስገቧቸው። የለበሱት ግማሹ ሰው ያየናል ብለው ገመቱ፣ በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ነው። ሰርግ ላይ ደግሞ ማን አንተን ያይሃል፣ ክትፎው እያለ።

"ተምሮ ተምሮ ፎቶ አንሺ?"

ይሄ የእማዬ ነው። በደህና ጊዜ የምትለው ነው፣ ስትናደድ "አዝማሪ ልትሆን ነው?" ትላለች፣ ፎቶና ማሲንቆ ምን እንዳገናኛቸው እሷ ታውቃለች። እዚህ ጋ የያዘኝ አይናፋርነት ሳይሆን ይሉኝታ ነበር፣ የራሴን ፊት ሳይሆን የእሷን ፊት እየጠበቅኩ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፣ ወደ ስዕል ዞሩና የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ስዕል ሰሩልን። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የሄደው ለምህንድስና ነው። ለእማዬ ስነግራት "አንተ አፈወርቅ ነህ?" አለችኝ። አይደለሁም። ግን ሁለቱም ተሰጥኦ አለኝ ብለው አልተቀመጡም፣ እንደገና ተማሪ ሆነው ጀምረዋል፣ እኔም ስለ ላይት የማታ ኮርስ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ወሰድኩ።

"ህልምህ ከሆነ ስራህን ለቀህ ግባበት"

ይሄን የሚልህ ሰው የቤት ኪራይህን አይከፍልም። አንድ አመት ተኩል ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሰራሁት። የሰርግ ገቢ ወቅት አለው፣ ጥር ላይ እንቅልፍ የለም፣ ዓብይ ጾም ሲገባ 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጦፋል። ለዛ የጾም ጊዜ የሚሆን ሳላስቀምጥ መልቀቂያ አላስገባሁም። ስትለቅ ደግሞ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ አለብህ፣ ተነስቶ መሄድ የለም።

"አንዴ ከለመድክ ይጠፋል"

ሚዜዎችን አሁን ጮክ ብዬ ነው የማሰልፈው፣ አክስቶችንም አዛለሁ። ቀብድ መጠየቅ ግን እስካሁን ያልበኛል። ድሮ ዋጋ ተናግሬ ደንበኛው ሳይመልስልኝ ራሴ እቀንስ ነበር፣ አሁን ካፌ ነው የምቀጥራቸው፣ ቁጥሩን እናገርና ወዲያው ማኪያቶዬን አነሳለሁ፣ አፌ ስራ ስለሚይዝ ቅናሽ አያመልጠኝም።