ኳሷ ተቀልባለች ወይስ አልተቀለበችም?

የአሜሪካን ፉትቦል ማየት ስትጀምሩ ግራ የሚያጋባችሁ ይሄ ነው። ሰውየው ኳሷን ሲቀልብ በዓይናችሁ አይታችኋል፣ ዳኛው ግን "አልያዘም" ይላል።

የዳላስ ደጋፊ በዚህ ነገር ቁስሉ እስካሁን አልሻረለትም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ከግሪን ቤይ ጋር በነበረው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር፣ የዳላሱ ዴዝ ብራያንት ከተከላካዩ በላይ ዘሎ ቀለበ፣ ተራመደ፣ ወደ ጎል መስመሩ እየተንጠራራ ወደቀ፣ ኳሷም መሬት ነክታ ነጠረች። ሜዳ ላይ "ተይዟል" ተብሎ ነበር፤ ቪዲዮ ታይቶ ተሻረ። ዳላስ 26 ለ 21 ተሸነፈ። የያኔው ሕግ እየወደቀ የሚቀልብ ሰው መሬት ካረፈ በኋላም ኳሷ ከእጁ እንዳትወጣ ያስገድድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄ ግዴታ ተነሳ፣ ደግሞም መነሳት ነበረበት። አሁን በፕሮፌሽናሉ ሊግ ተቀለበች ለመባል የሚያስፈልገው መጀመሪያ ኳሷን መቆጣጠር፣ ቀጥሎ ሁለት እግር ወይም እንደ ጉልበት ያለ የሰውነት ክፍል ሜዳ ውስጥ ማሳረፍ (ኮሌጅ ላይ አንድ እግር ይበቃል)፣ ከዚያ ሦስተኛ እርምጃ መራመድ ወይም ኳሷን ወደፊት መዘርጋት፣ ወይም ለዚያ የሚበቃ ጊዜ ይዞ መቆየት ነው። በዚህ ሚዛን የብራያንት ኳስ ተቀልባለች።