ሰውየው ነው ወይስ ሞተሩ? የሞተርሳይክል ግራንድ ፕሪ ከወሎ መንገድ ሲታይ

ኮምቦልቻ ውስጥ ባጃጅ የነዳ ሰው ቱ ስትሮክና ፎር ስትሮክን ለይቶ ያውቃል። የድሮው ባጃጅ ቱ ስትሮክ ነው። ቤንዚኑ ላይ ዘይት ይጨመርለታል፣ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። አዲሱ ፎር ስትሮክ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ረጋ ያለ ነው። ጋራዥ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ክርክር ከተነሳ ቶሎ አይበርድም። በዓለም ትልቁ የሞተር ውድድርም በዚሁ ክርክር ነው ያደገው።

የሞተርሳይክል ግራንድ ፕሪ የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1949 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ውድድር ማን በምትባለው ደሴት፣ በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ ተካሄደ። ሞተሮቹ በሲሲ ይከፈሉ ነበር፤ 125፣ 250፣ 350 እና 500። የመጀመሪያው የ500 ሻምፒዮን እንግሊዛዊው ሌስሊ ግርሃም ሲሆን የነዳውም ኤጄኤስ የተባለውን ሞተር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያኖች መጡ። የጣሊያኑ ፋብሪካ ኤምቪ አጉስታ ከ1958 እስከ 1974 የ500 ሲሲን የተወዳዳሪዎች ዋንጫ አንድም ዓመት ሳያስነጥቅ ወሰደ። ያ ሁሉ በፎር ስትሮክ ነው። ከኤምቪ ነጂዎች አንዱ የነበረው ጃኮሞ አጎስቲኒ 15 የዓለም ዋንጫና 122 ድል ሰብስቧል። በዋንጫ ብዛት እስካሁን ማንም አልደረሰበትም።

ቱ ስትሮክን ከጭሳም ተራ ሞተርነት ያወጣው በምሥራቅ ጀርመኑ ኤምዜድ ፋብሪካ የሚሠራው ዋልተር ካደን ነው። ቱ ስትሮክ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) አንዴ በዞረ ቁጥር ያቃጥላል። ፎር ስትሮክ ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ ነው አንዴ የሚያቃጥለው። በወረቀት ሲሰላ ቱ ስትሮክ እጥፍ ጉልበት ሊኖረው ይገባ ነበር። ችግሩ አዲሱ ቤንዚን ከጭሱ ጋር አብሮ መውጣቱ ነው። ካደን መላውን ያገኘው የጭስ ማውጫው ውስጥ ነው። ቱቦውን መሀሉ ላይ አሳበጠው፣ ጫፉ ላይ አጠበበው። የፍንዳታው ግፊት ጠባቡ ጫፍ ላይ ነጥሮ ይመለስና ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። በ1961 ይህ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ለዚያ ዘመን የማይታመን ነገር ነው።

በዚያው ዓመት የኤምዜድ ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ከስዊድኑ ውድድር በኋላ አገሩን ጥሎ ኮበለለ። ቤተሰቡ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተደብቆ ድንበር ተሻገረ። ዴግነር ምስጢሩን ይዞ ሱዙኪ ገባ፣ በ1962ም በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ድሉ የማን ነው? የእሱ ወይስ ተሰርቆ የመጣው እውቀት? እኔ ካደን እጁ አለበት ባይ ነኝ።

በ1975 አጎስቲኒ ራሱ በያማሃ ቱ ስትሮክ የ500 ዋንጫ አነሳ። ሆንዳ ግን ፎር ስትሮክን በቀላሉ አልተወም። በ1979 ኤንአር 500 የሚባል ሞተር ይዞ መጣ። ፒስተኑ ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ስምንት ቫልቭ አለው። አንድ ፒስተን የሚይዙት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም አንድም ግራንድ ፕሪ አላሸነፈም። ሆንዳም ወደ ቱ ስትሮክ ዞረ። ፍሬዲ ስፔንሰርም በ1983፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በባለ ሦስት ሲሊንደሩ ሆንዳ ዋንጫውን ወሰደ።

የዚያ ዘመን መካኒክ ኑሮ ለደሴ ሰው እንግዳ አይሆንም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ደሴ ሲወጣ ይደክማል። ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጎበዝ መካኒክ "አብሽር" ይልህና ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ያያል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። የግራንድ ፕሪ መካኒኮችም በየሜዳው ይህንኑ ያደርጉ ነበር።

እነዚያ የ500 ሲሲ ቱ ስትሮኮች ለነጂው ምሕረት አልነበራቸውም። ጉልበታቸው በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። የኋላ ጎማው ይንሸራተትና መልሶ ሲይዝ ሰውየውን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። አውስትራሊያዊው ሚክ ዱሃን በ1992 በኔዘርላንዱ የአሰን ሜዳ ላይ ወድቆ እግሩን ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም ነበር። ቀኝ እግሩ ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው የኋላውን ፍሬን በአውራ ጣት የሚጫን አድርገው ሠሩለት። ከዚያ ከ1994 እስከ 1998 አምስት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። ይህን ሞተሩ አደረገው የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

በ2002 ሕጉ ተቀይሮ ትልቁ ምድብ ሞቶጂፒ ተባለ፣ እስከ 990 ሲሲ ለሚደርስ ፎር ስትሮክም በሩ ተከፈተ። ቱ ስትሮክ በሁለት ዓመት ውስጥ ከትልቁ ምድብ ጠፋ። ክርክሩ ወደ ሲሊንደር አደራደር ዞረ። አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ይደርደሩ ወይስ በቪ ቅርጽ? መስመሩ መታጠፊያ ላይ ልዝብ ነው ይባላል፤ ቪው ጠባብ ነው፣ ቀጥታው ላይም ይበራል። የጣሊያኑ ዱካቲ ቪውን ያዘ። ቫልቩን የሚዘጋለት ሞላ ሳይሆን ራሱን የቻለ ገፊ ነው። ያማሃ መስመሩን ይዞ በ2021 ከፋቢዮ ኳርታራሮ ጋር አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ግን ዋንጫው ከዱካቲ እጅ አልወጣም። በ2025 ማርክ ማርኬዝ ያነሳውም በዱካቲ ነው። ለ2026 ያማሃም ወደ ቪ ዞሯል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ በሞተር የወረደ ሰው መሪ በማዞር ብቻ እንደማይታጠፍ ያውቃል። ሰውነትን ጣል ማድረግ አለ። የሞቶጂፒ ነጂ ከ60 ዲግሪ በላይ ያጋድላል፣ ክርኑ አስፋልት ይነካል። ቀጥታው ላይ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ቢንደር በ2023 በጣሊያኑ የሙጄሎ ሜዳ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር በርሯል።

የደቡብ አፍሪካን ስም ካነሳን እዚያ የሚገኘው የዌልኮም ሜዳ አይታለፍም። በ2003 ያማሃ በትልቁ ምድብ አንድም ውድድር አላሸነፈም ነበር። ጣሊያናዊው ቫለንቲኖ ሮሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ከሆንዳ ለቆ ያማሃ ገባ። ብዙ ሰው ሆንዳው ነው የሚያሸንፈው፣ ሮሲ አይደለም ይል ነበር። ሚያዝያ 2004 ዌልኮም ላይ፣ በመጀመሪያው የያማሃ ውድድሩ፣ በሆንዳ የተቀመጠውን ማክስ ቢያጂን በሩብ ሰከንድ ባልሞላ ልዩነት ቀደመው። መስመሩን ካለፈ በኋላ ሞተሩን ዳር አቆመና ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ራሱን አቀርቅሮ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሞተሩን ሳመው።