ከሲጋራ ወደ ቬፕ መሸጋገርና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች

ሲጋራን ትቶ በተለምዶ ቬፕ ወደሚባለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጋገር ለአጫሹ ሳንባና ልብ የሚበጅ እርምጃ ነው፤ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ሽግግሩ ከሐኪም ጋር ታቅዶ መከናወን አለበት። ምክንያቱ ብዙዎች እንደሚገምቱት ኒኮቲን አይደለም። አንዳንድ መድኃኒቶች በጉበት ውስጥ ቶሎ እንዲፈጩ የሚያደርገው የሚቃጠለው ትምባሆ ጭስ ነው፤ ቬፕ ደግሞ ትምባሆ አያቃጥልም። ስለዚህ ከሲጋራ ወደ ቬፕ የዞረ ሰው ኒኮቲኑን እንደ ወትሮው እያገኘ፣ የለመደውን የእጅና የአፍ እንቅስቃሴ እንኳ ሳይለውጥ፣ ጉበቱ ግን ማጨስ ጨርሶ እንዳቆመ ሰው ጉበት መሥራት ይጀምራል። ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ከሆነ፣ የሚውጠው ክኒን ሳይጨምር በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይጨምራል።

የጭሱ ሥራ በጉበት ላይ

ትምባሆ ሲቃጠል ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ውህዶች በሳንባ በኩል ወደ ደም ገብተው ጉበት ሲደርሱ፣ ሲዋይፒ 1ኤ2 የተባለው ኢንዛይም ከወትሮው በላይ እንዲመረት ያደርጋሉ። ኢንዛይሙ የተወሰኑ መድኃኒቶችንና የቡናን ካፌይን የሚፈጭ ነው፤ በበዛ ቁጥር መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ይወገዳል፣ በደም ውስጥ የሚቀረውም ያንሳል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ለአጫሽ ታካሚ ከማያጨሰው የበለጠ ክሎዛፒን የሚያዙት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህል ይደርሳል።

ይህን ውጤት ለማምጣት ብዙ ማጨስ አያስፈልግም። በቀን ከ7 እስከ 12 ሲጋራ ኢንዛይሙን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ለማድረስ እንደሚበቃ በጥናት ታይቷል። በተቃራኒው ጭሱ ሲቋረጥ የኢንዛይሙ ጭማሪ በ39 ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ይወርዳል፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥም ጉበት ወደ ማያጨስ ሰው ጉበት ጠባይ ይመለሳል።

የቬፕ ፈሳሽ በአብዛኛው ከፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ከግሊሰሪን፣ ከኒኮቲንና ከማጣፈጫ የተሠራ ነው። መሣሪያው ፈሳሹን አሙቆ ወደ ተን ይለውጠዋል እንጂ አያቃጥለውም፤ ኢንዛይሙን የሚያነሣሡት ውህዶች በተኑ ውስጥ ቢገኙም መጠናቸው ከሲጋራ ጭስ ጋር አይወዳደርም። ኒኮቲን ራሱ የሚፈጨው በሌላ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተርም ሆነ የኒኮቲን ማስቲካ ለመድኃኒቱ ያለው ትርጉም ከቬፕ ጋር አንድ ነው፤ ሁሉም እንደ ማቆም ይቆጠራሉ። ሺሻ ግን የተለየ ነው፤ በላዩ ከሚነድደው ከሰል የሚወጣው ጭስ እነዚያኑ ውህዶች ይዟል።

የትኞቹ መድኃኒቶች ይነካሉ?

ከሁሉም በላይ አሳሳቢው ክሎዛፒን ነው። ይህ መድኃኒት በ1950ዎቹ መጨረሻ በበርን ከተማ ስዊዘርላንድ፣ ቫንደር በተባለ ኩባንያ ተቀመመ። በ1975 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳታቸው ተመናምነው በመሞታቸው ከብዙ አገሮች ገበያ ወጣ። በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሌሎች መድኃኒቶች ያልረዷቸውን የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን እንደሚረዳ ካሳየ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ከደም ቁጥጥር ጋር ተፈቀደ። ዛሬም ለእነዚህ ሕሙማን የሚተካው የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በሚረዳው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ በጥቅሉ በደም ውስጥ ከ350 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ሲሆን ይሠራል፣ ከ600 ሲያልፍ የጎንዮሽ ጉዳቱ ይበዛል፣ ወደ 1000 ሲጠጋ የሚጥል መንቀጥቀጥ ይሰጋል።

በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስና በቀን 500 ሚሊግራም ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው እንውሰድ። በደሙ ያለው መጠን 450 ናኖግራም ነው፤ ሕመሙም ተረጋግቷል። ይህ ሰው ሰኞ ዕለት ሲጋራውን ጥሎ ቬፕ ቢይዝና መጠኑ በግማሽ ቢጨምር፣ ብዙም ሳይቆይ 675 ይደርሳል። አንድም ክኒን አላበዛም፣ አላጠፋምም፤ እንዲያውም ሐኪሙ ለዓመታት ሲመክረው የኖረውን ነው ያደረገው። ጭማሪው ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአንዳንዱ ጥቂት ነው፣ በአንዳንዱ ከእጥፍ ያልፋል፤ ስለዚህ በግምት የሚመራ ነገር አይደለም።

ኦላንዛፒን በተመሳሳይ መንገድ ይነካል፤ ሆኖም በመጠኑ ላይ ሰፋ ያለ ነጻነት ስላለው አደጋው ያነሰ ነው። ከድብርት መድኃኒቶች ዱሎክሴቲንና ፍሉቮክሳሚን፣ ከቆዩት የሳይኮሲስ (ሰው ከእውነታው ዓለም የሚለይበት ሕመም) መድኃኒቶች ደግሞ ክሎርፕሮማዚን፣ ፍሉፌናዚንና ሃሎፔሪዶል በተለያየ ደረጃ የጭስ ተጽዕኖ አለባቸው። በአንጻሩ ሪስፔሪዶን፣ አሪፒፕራዞል፣ ኩዌቲያፒን፣ ሊቲየምና ቫልፕሮኤት በዋናነት በሌሎች መንገዶች ስለሚወገዱ ሲጋራ ማቆም ይህን ያህል አይለውጣቸውም። እነዚህን ብቻ የሚወስድ ሰው ወደ ቬፕ ሲዞር የመድኃኒቱ መጠን ጉዳይ ሊያስጨንቀው አይገባም።

ምልክቶቹና ከምን ጋር እንደሚምታቱ

የክሎዛፒን መጠን ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነው። ሰውየው ጠዋት መነሣት ያቅተዋል፤ ሲነሣም ይከብደዋል፣ ያዞረዋል። ሌሊቱን የፈሰሰው ምራቅ ትራሱን አርሶት ያድራል። ልቡ ይፈጥናል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙም የማይወራለትና የበለጠ ሊፈራ የሚገባው የሆድ ድርቀት ነው፤ ክሎዛፒን የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ፣ ድርቀቱ ችላ ከተባለ አንጀት እስከ መዘጋት ደርሶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ለቀናት ሽንት ቤት ያልተቀመጠ፣ ሆዱ የተነፋና የሚያስመልሰው የክሎዛፒን ታካሚ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ችግሩ እነዚህ ምልክቶች ሌላ ስም በቀላሉ የሚያገኙ መሆናቸው ነው። መፍዘዙ ሲጋራ ያቆመ ሰው ድካም ይመስላል፣ ወይም ሕመሙ እንደተመለሰ ይቆጠራል። ቬፕ ነገሩን ይበልጥ ይሸፍነዋል፤ ኒኮቲን ስላልጎደለ ታካሚው ራሱ «ማቆሜ» ብሎ አያስበውም፣ ስለዚህ ሐኪሙ «ማጨስ አቁመሃል?» ብሎ ቢጠይቀው እንኳ «ኧረ አላቆምኩም» ሊል ይችላል። ጥያቄው መሆን ያለበት ምን እንደሚያጨስ፣ በቀን ስንት እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ ነው።

በሀበሻ ቤት ደግሞ ቡና አለ። ካፌይን ከሞላ ጎደል የሚፈጨው በዚሁ ኢንዛይም ስለሆነ፣ ሲጋራ ያቆመ ሰው ያንኑ ያህል ቡና ቢጠጣ በደሙ የሚቆየው ካፌይን እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል። አቦል፣ ቶናና በረካ ሳያጓድል የኖረ ሰው በድንገት እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲነጫነጭና ልቡ ሲመታ ጥፋተኛው ቬፑ ወይም ሕመሙ ላይሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ካፌይንና ክሎዛፒን አንዱን ኢንዛይም ስለሚሻሙ፣ ብዙ ቡና የክሎዛፒኑን መጠን ተጨማሪ ከፍ ያደርገዋል። ማጨስ በሚቆምበት ሳምንት ቡናውን ወደ ግማሽ ማውረድ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር የቡናው መጠን ከቀን ቀን እንዳይዋዥቅ ነው።

የእንግሊዝ ተሞክሮ

ጉዳዩ በስፋት የታየው በእንግሊዝ ነው። በዚያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው አዋቂዎች 40 በመቶ ገደማ አጫሾች እንደሆኑ በ2010ሮቹ አጋማሽ የወጣ መረጃ ያሳያል፤ ይህም በዚያን ጊዜ ከጠቅላላው ሕዝብ ከእጥፍ በላይ ነበር። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው ከሌላው ከ10 እስከ 20 ዓመት የሚያጥረው በአብዛኛው ትምባሆ በሚያባብሳቸው የልብና የሳንባ በሽታዎች ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የማጨስ ክልከላ ለአእምሮ ሕክምና ክፍሎች የአንድ ዓመት ፋታ ሰጥቶ ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ ተቋም ግቢያቸውም ጭምር ከጭስ ነጻ እንዲሆን መከረ። ሆስፒታሎች ይህን ሲተገብሩ ብዙዎቹ ለታካሚዎቻቸው ቬፕ ፈቀዱ፣ አንዳንዶቹም በነጻ ሰጡ።

በዚህ የተነሣ አንድ ታካሚ በገባበት ዕለት ከ20 ሲጋራ ወደ ዜሮ የሚወርድበት ሁኔታ የተለመደ ሆነ። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ማጨስ ሲያቆም ወይም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሲዞር በደሙ ያለው የመድኃኒት መጠን እንዲለካ አሳሰበ። የተለመደው አሠራር ከማቆሙ በፊት ደሙን ለክቶ መነሻውን ማወቅ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚወስደውን የመድኃኒት መጠን ቀስ በቀስ በሩብ ያህል መቀነስ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና መለካትና እንደ ውጤቱ ማስተካከል ነው። ይህን የሚወስነው መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ነው። ታካሚው በራሱ ክኒን ቢቀንስ ወይም ቢተው ሊመጣ የሚችለው የሕመሙ ማገርሸት ከሚሸሸው የጎንዮሽ ጉዳት የከፋ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን አጣምሮ መያዝና ወደ ሲጋራ መመለስ

ብዙ ሰው ቬፕ እንደጀመረ ሲጋራውን ወዲያው አይጥልም። ከ20 ሲጋራ ወደ 10 ወርዶ ቬፑን ጎን ለጎን የሚጠቀም ሰው ደሙ ቢመረመር ብዙም ለውጥ ላያሳይ ይችላል፤ 10 ሲጋራ ኢንዛይሙን እንደተነሣሣ ለማቆየት ይበቃልና። መጠኑ የሚያሻቅበው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሲጋራዎች ሲቀሩ ነው። ስለዚህ «ግማሹን ቀንሼ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ልምድ ለቀሪው ግማሽ ዋስትና አይሆንም፤ ምርመራው መታቀድ ያለበት ለዚያ ለመጨረሻው ሳምንት ነው።

የተገላቢጦሹም እኩል ክብደት አለው፤ እንዲያውም በእኔ እምነት ትኩረት የተነፈገው ይኸኛው ነው። ሆስፒታል ውስጥ በቬፕ ሆኖ መጠኑ የተስተካከለለት ሰው ሲወጣ ከበር ላይ ሲጋራ ቢያቀጣጥል፣ በቀናት ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን ይወርዳል። ክኒኑን በሰዓቱ እየዋጠ ድምፅ መስማት ወይም መጠራጠር ሲጀምር ቤተሰብ «መድኃኒቱን ጥሎት ነው» ብሎ ይከሰዋል።

ማቆሙ ሕመሙን ያባብስ ይሆን?

ይህ ፍርሃት ለረጅም ዘመን ሕሙማንን ከእርዳታ አርቋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የበርካታ ጥናቶች ግምገማ ያሳየው ግን ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ድብርታቸውና ጭንቀታቸው ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ እንደቀነሰ ሲሆን፣ የአእምሮ ሕመም ባለባቸውም ላይ ያው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከ8,000 በላይ አጫሾችን፣ ግማሽ ያህሉም የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያላቸውን፣ የተከታተለ ጥናት ማጨስ ለማቆም የሚረዱት ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉ መድኃኒቶች ከኒኮቲን ፕላስተር ወይም ከባዶ ክኒን ጋር ሲነጻጸሩ ከባድ የአእምሮ ችግርን ጉልህ በሆነ ደረጃ እንደማይጨምሩ አሳይቷል። ቡፕሮፒዮን ግን የሚጥል መንቀጥቀጥን ስለሚያቀርብ ከክሎዛፒን ጋር አይመከርም። ቬፕን በሚመለከት በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በጠቅላላው አጫሽ ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ቬፕ ከወሰዱት 18 በመቶ፣ ፕላስተርና መሰሎቹን ከወሰዱት 9.9 በመቶ ሲጋራ እንዳቆሙ አግኝቷል። ቬፕ ከጉዳት ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ በተለይ ከመንገድ የሚገዛ፣ ካናቢስ መሰል ኬሚካል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ሳይኮሲስን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ኢትዮጵያና በውጭ የሚኖሩ ታካሚዎች

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ በአገር ቤት ጉዳዩ በአብዛኛው የሚነሣው ሲጋራን በድንገት ከማቆም ጋር ነው፤ ሆስፒታል መተኛት፣ መታሰር፣ ወይም ጸበል ገብቶ ለሳምንታት መሰንበት ጭሱን በአንድ ቀን ሊያቋርጡት ይችላሉ። ከጸበሉ ጎን መድኃኒቱን እየወሰደ የሚሰነብት ሰው ያለወትሮው ሲፈዝና ሲተኛ፣ አስታማሚው ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ሲጋራውን መቼ እንዳቆመ ለሐኪሙ ቢነግረው ብዙ ይረዳል። በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን መለካት በማይቻልበት ቦታ ሐኪሙ የሚመራው በእነዚሁ ምልክቶችና በታሪኩ ነው።

ኢንዛይሙ በኢትዮጵያውያን ላይ ተጠንቷል። በእሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ የተሠራውና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርምር፣ በኢትዮጵያና በስዊድን በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ካፌይንን እንደ መለኪያ ተጠቅሞ፣ የኢንዛይሙን ሥራ የሚያዳክም አዲስ የዘረመል ልዩነት አግኝቷል። አንዱ ሰው ሲጋራ ሲያቆም ብዙ ሲለወጥ ሌላው ጥቂት ብቻ የሚለወጥበትን ምክንያት በከፊል የሚያስረዱት እንዲህ ያሉ ልዩነቶች ናቸው።

በውጭ ለሚኖረው ታካሚ ጉዞም ይታሰብበት። ለንደን ወይም ዱባይ ውስጥ በቬፕ የሚኖርና የክሎዛፒን መጠኑ በዚያ የተቀነሰለት ሰው፣ ለወር ያህል አዲስ አበባ መጥቶ ቬፕ ሲያጣ ወደ ሲጋራ ቢመለስ፣ መድኃኒቱ ከሳምንት በኋላ ላይበቃው ይችላል፤ ተመልሶ ሲጋራውን ሲጥል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን አነጋግሮ የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ ለቆይታው የሚበቃውን ያህል ይዞ ከተጓዘ፣ የመድኃኒቱ መጠን በነበረበት ሊቆይ ይችላል።