ወባውን በሬቸል ካርሰን ላይ አታላክኩ

ሰሞኑን ደሴ ላይ የባዮሎጂና የግብርና መምህራን ሰብሰብ ብለን አንድ ዘጋቢ ፊልም አየን። በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካዊቷ የተፈጥሮ ጸሐፊ ሬቸል ካርሰን የተሠራ ነው። ውይይቱ ገና ሲጀመር ያቺው ወሬ ተነሳች፦ «ሴትዮዋ ዲዲቲን (የነፍሳት መግደያውን ኬሚካል) አስከልክላ አፍሪካን በወባ አስጨረሰች።» ሰልችቶኛል። ከመምህር አፍ ሲወጣ ደግሞ ያናድዳል።

«ሳይንቲስት አይደለችም» ለሚሉ፦ በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዙኦሎጂ ማስተርሷን ይዛለች።

«የአንድ መጽሐፍ ሰው ናት» ለሚሉም፦ ስለ ዲዲቲና መሰል ኬሚካሎች ጉዳት ካስጠነቀቀችበት «ሳይለንት ስፕሪንግ» ቀደም ብላ ስለ ባሕር ሦስት መጻሕፍት ጽፋለች።

ወደ ወባው እንምጣ። «ሳይለንት ስፕሪንግ» የታተመው በ1962 ነው። ካርሰን በ1964 በካንሰር አረፈች። አሜሪካ ዲዲቲን ከእርሻ ያገደችው በ1972፣ ያውም በራሷ አገር ውስጥ ነው። ለጤና ሥራ ግን አልተዘጋም። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ለወባ መከላከያ እንዲረጭ ይፈቅዳል።

ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ የኖረ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት። መጽሐፉ ከወጣ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ረጪዎች በየቤታችን ገብተዋል። ዕቃው ደጅ ይወጣል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። የሚረጨው ዲዲቲ ነበር! ታዲያ ማን ከለከለን? ኋላ የተተወው ትንኟ ስለተላመደችው ነው። ካርሰን ያስጠነቀቀችውም ይህንኑ ነው፦ ያለ ልክ ሲረጭ የማይቋቋመው ነፍሳት ይሞታል፣ የሚቋቋመው ተርፎ ይራባል፣ በሽታ ሲመጣ መድኃኒቱ አይሠራም። «ኬሚካል ፈጽሞ አይነካ» አላለችም። መጽሐፉን ያነበበ ያውቀዋል፤ ያላነበበ ከመፍረዱ በፊት ያንብብ።

አንዱ የግብርና ባልደረባችን «ታዲያ ገበሬው ምን ይሁን?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አጎቴ ሐርቡ አካባቢ ቲማቲም ያለማል። ፀረ ተባዩን በሃይላንድ ገልብጦ ከምግብ ዘይቱ ጎን አስቀምጦት አገኘሁ። ስም የለው፣ ምልክት የለው። ልጆቹ ውሃ የሚጠጡት በዚያው ዓይነት ሃይላንድ ነው!

እባካችሁ፣ ኬሚካሉን ከመጣበት ዕቃ አታውጡት፣ ቆልፉበት። ስትረጩ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ። ከረጫችሁ በኋላ መለያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳይሞላ ምርቱን አትልቀሙ። አንዱን ዓይነት ዓመት ከዓመት አትደጋግሙ፣ ትሉ ይለምደዋል። ቤታችሁ ለወባ ሲረጭ ደግሞ ግድግዳውን ወዲያው በጭቃ አትምረጉት። መድኃኒቱ የሚሠራው ትንኟ እዚያ ላይ ስታርፍ ነው።