ገመዱ ስለገባ ብቻ አይሠራም፦ ስለ ማኔጅድ ስዊችና ስለ ዲጂታል ሞኒተር የሚነገሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን መድረክም ሆነ በሆቴል አዳራሽ ዲጂታል ሚክሰር እየተለመደ ነው። ከሱ ጋር ደግሞ ፐርሰናል ሞኒተር መጣ። ድራመሩ ቤዙን፣ ዘማሪዋ የራሷን ድምፅ፣ ሁሉም በጆሮው የሚሰማውን ራሱ ያስተካክላል። ሳውንድ ማኑ «ከፍ አድርግልኝ፣ ቀንስልኝ» ከሚል ምልክት ተገላገለ። ድምፁን ከሚክሰሩ ወደ ሞኒተሮቹ በኔትወርክ ገመድ የሚያከፋፍለው ሳጥን ስዊች ነው፤ ቅንብሩን ገብታችሁ የምታስተካክሉት ዓይነት ማኔጅድ ይባላል። ግን ስለ ስዊቹ የሚወራው ብዙው ወሬ ያሳስታል።

«የኔትወርክ ገመድ እስከሆነ ድረስ ስዊች ላይ ይሰካል።» ብር የሚያስወጣው ስህተት ይሄ ነው። የቤሪንገር ፒ16 ፐርሰናል ሞኒተር አልትራኔት በሚባል የራሱ አላላክ ነው የሚሠራው። የአቪዮም ፕሮ16ም የራሱ ኤ-ኔት አለው። ሁለቱም ገመዱን ከኔትወርክ ተዋሱት እንጂ በውስጡ የሚሄደው ስዊች የሚያውቀው ፓኬት አይደለም። ስለዚህ ስዊች፣ የፈለገ ውድ ቢሆን፣ አያሳልፈውም። ለማከፋፈል የራሳቸው ሳጥን ያስፈልጋል፤ ለቤሪንገሩ ፒ16-ዲ የሚባለው ማለት ነው። ዳንቴ የሚባለው ድምፅን በኔትወርክ የመላኪያ ዘዴ ግን ለተለመደ የኔትወርክ ስዊች ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላው ዘዴ ኤ.ቪ.ቢ ከሆነ ደግሞ ኤ.ቪ.ቢ የሚደግፍ ስዊች ይፈልጋል። የስዊች ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሶኬቱ አጠገብ የተጻፈውን ስም አንብቡ።

«ለዳንቴ ማኔጅድ ስዊች ግዴታ ነው።» አይደለም። ሚክሰር፣ ስቴጅ ቦክስ (መድረክ ላይ ማይኮቹ የሚሰኩበት ሳጥን) እና ጥቂት ሞኒተር ብቻ ከሆነ ተራ ጊጋቢት ስዊች ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ትራፊክ ሲቀንስ ኃይል የሚቆጥበው ባህሪ፣ ኢ.ኢ.ኢ የሚባለው፣ የዳንቴ መሣሪያዎች እኩል የሚሄዱበትን ሰዓት ያዛባና ድምፅ ያቆራርጣል። ማኔጅድ ላይ ይጠፋል፤ ተራው ላይ ማጥፊያ የለውም። ካርቶኑ በመብራት ቁጠባ የሚኩራራ ከሆነ እኔ እዚያው ሱቅ ትቼው ነው የምሄደው።

«ጊጋቢት ስለሆነ አይጨናነቅም።» እስቲ እናስላው። 10 ሞኒተር አለ እንበል፣ እያንዳንዱ 16 ቻናል ይቀበላል። አንድ የዳንቴ ቻናል ወደ 1.5 ሜጋቢት በሰከንድ ይወስዳል። ጠቅላላው 240 አካባቢ ነው፤ የጊጋቢቱን ሩብ እንኳ አይሞላም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በተለመደው አላላክ፣ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ለየብቻ በሚላከው ዩኒካስት፣ ቻናሎቹ ፍሎው በሚባል ጥቅል ይሄዳሉ፤ አንድ ፍሎው 4 ቻናል ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ሞኒተር 4፣ ለአሥሩ 40 ፍሎው ያስፈልጋል። ብዙ የዳንቴ መሣሪያዎች ደግሞ ከ32 በላይ አይልኩም። ስምንቱ ይሰማሉ፤ ዘጠነኛው ባዶ ጆሮውን ይዞ ይቀራል። ስዊቹ ይሰደባል፣ ገመዱ ይቀየራል፣ ለውጥ የለም።

መፍትሔው ማልቲካስት ነው። 16ቱ ቻናል ከሚክሰሩ አንዴ ይወጣና ስዊቹ ያባዛዋል። ተራ ስዊች ግን ፈለገው አልፈለገው ሳይል በየሶኬቱ ይረጨዋል። ዋይፋዩ እዚያው ላይ ከተሰካ፣ ሚክሰሩን የምትቆጣጠሩበት ታብሌት መንቀርፈፍ ይጀምራል። ማኔጅድ ስዊች ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ በአይ.ጂ.ኤም.ፒ ስኑፒንግ ለጠየቀው ብቻ ይልካል።

«ማኔጅድ ከሆነ ከካርቶኑ አውጥቶ መሰካት ነው።» እንደዛ ቢሆን ጥሩ ነበር። ስኑፒንግ ተከፍቶ ክዌሪየር (ማን አሁንም እንደሚፈልግ በየጊዜው የሚጠይቀው) ካልተከፈተ፣ ሳውንድ ቼክ ላይ ሁሉ ሰላም ይሆንና ከ4 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። የተለመደው ገደብ 260 ሰከንድ ነው። እዚያው ኔትወርክ ላይ ካሉት ስዊቾች አንዱ ክዌሪየር መሆን አለበት። ትራፊክ የሚበዛ ከሆነ ቅድሚያም ይስተካከል፤ ቅድሚያን በሚያሳየው ቁጥር፣ በዲ.ኤስ.ሲ.ፒ፣ ዳንቴ ለሰዓቱ 56፣ ለድምፁ 46 ይጠቀማል። ከዚያ ሴቭ! ብዙ ስዊቾች ላይ ማስተካከልና ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሴቭ ሳይደረግ መብራት ከሄደ የለፋችሁበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዩ.ፒ.ኤስ ካላችሁ ስዊቹንም እሱ ላይ ሰኩት። ሚክሰሩ በርቶ ስዊቹ ገና እየተነሳ ከሆነ መድረኩ ዝም ነው።

«ስዊች ድምፅ ያዘገያል።» የሚጨምረው በማይክሮ ሰከንድ የሚቆጠር ነው። የዳንቴ መዘግየት ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሰከንድ ላይ ይደረጋል። በዚያች ጊዜ ድምፅ በአየር ላይ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 2 ሜትር ርቆ ወለል ላይ የተቀመጠ ሞኒተር ስፒከር ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል፤ በሱ የሚያማርር አላየሁም።