ስለ ቱርክ በተለምዶ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከደሴ ተነስተን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የባቡሩን ነገር አነሳ። «ጋሼ፣ የኮምቦልቻውን ሐዲድ ቻይና ነች የሠራችው» አለኝ። አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር የያዘው ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ኩባንያ ነው። የቻይና ኩባንያ የወሰደው ከዚያ ወደ መቀሌ ያለውን ነው። ጨዋታው በዚያው ወደ ቱርክ ዞረ። ደሴ ሻይ ቤት ሁሌ የምሰማቸው ነገሮችም ተከታትለው መጡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቱርክ የኦቶማንን ግዛት ልትመልስ ነው።» መሪዎቿ ያን ዘመን ማንሳት ይወዳሉ፣ እውነት ነው። የራሷን መሣሪያ ወደ መሥራት የገፋት ግን ሌላ ቁስል ነው። በ1974 ጦሯ ቆጵሮስ ገባ። በዓመቱ አሜሪካ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለችባት፤ እስከ 1978 ቆየ። አስቡት፤ የኔቶ (የምዕራባውያን የጦር ኅብረት) አባል ነች፣ የታጠቀችው የአሜሪካን መሣሪያ ነው፣ ግን መለዋወጫ የሚሸጥላት የለም። አሰልሳን የተባለው የቱርክ ኩባንያ የተቋቋመው በዚያው በ1975 ነው። ሥራውን የጀመረው በወታደር ሬዲዮ ነበር። ዛሬ ራዳር ይሠራል። ይህን ሳያውቁ የቱርክን ፖሊሲ መረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

«አሁንማ ሁሉንም ራሷ ትሠራለች።» ገና ነው። በ2020 ካናዳ ቱርክ ለምትሠራው ባይራክታር ድሮን የሚሆነውን ካሜራ አልሸጥም አለች። ያኔ የድሮኑ ዓይን ከውጭ እንደሚመጣ ሁሉም አወቀ፤ ምትኩን አሰልሳን አቀረበ። በ2024 መጀመሪያ የበረረው ካአን የተባለው ተዋጊ ጄቷም ሞተሩ የአሜሪካ ነው።

«ከኔቶ ወጥታ ከሩሲያ ጋር ልትሆን ነው።» በ2019 ኤስ-400 የተባለ የአየር መከላከያ ሚሳኤል ከሩሲያ ተረከበች፤ አሜሪካም ከኤፍ-35 ተዋጊ ጄት ፕሮጀክት አስወጣቻት። ግን ከ1952 ጀምሮ የኔቶ አባል ነች፣ ለዩክሬንም ድሮን ሸጣለች።

ወሎ ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ግን «ወዳጅ የምትመርጠው በሃይማኖት ነው» የሚለው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ጀበና ከበው ነው እንዲህ የሚሉት። ቱርክ ለእስራኤል እውቅና የሰጠችው በ1949 ነው። ሞቃዲሾ ላይ ከ2017 ጀምሮ ትልቅ የጦር ማሠልጠኛ አላት። ያም ሆኖ የባሕር በር ነገር ኢትዮጵያንና ሶማሊያን ሲያጋጭ ለማስታረቅ ገባች። በ2024 መጨረሻ ሁለቱን መሪዎች አንካራ ጠርታ የጋራ መግለጫ አስወጣች። እዚያ ጦር ሰፈር፣ እዚህ ፋብሪካና ሐዲድ አላት። ሁለቱ ቢጣሉ የሚጎድለው ከእሷም ነው።